የአሮጌ ናፍጣ መኪና ጭስ፦ ምንጩና አመረማመሩ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬ ስለ እርሱ እንድናገር የተጋበዝኩበት ሕመምተኛ ግን በሽታውን ደብቆ አያውቅም። አሮጌ የናፍጣ መኪና ሕመሙን በአደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከኋላው በሚመጣው መንገደኛ ፊት ላይ እየተነፈሰ ይናገራል። እኛ ግን ጭሱን እናያለን፤ ሾፌሩን እንወቅሳለን፤ መስኮት እንዘጋለን፤ ባለንብረቶች ስንሆን ደግሞ መኪናውን ወደ ጋራዥ ወስደን «ሞተሩ ይውረድ» የሚለውን ፍርድ እንቀበላለን። የሚናገረውን ለይቶ የሚያዳምጠው ሰው ጥቂት ነው።

ጉዳዩ ለምን የእኛ ጉዳይ እንደሚሆን በሁለት ነገር ላስረዳ። የመጀመሪያው የጤና ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተርን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ማስከተላቸው ከተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ሁለተኛው የኑሮ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ለማስገባት የሚከፈለውን ታክስ እጅግ ከፍ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ከዚህ የተነሳ ቀድሞ የገባው ላንድክሩዘር፣ ሃይሉክስና ሚኒባስ በቀላሉ የሚተካ አይደለም፤ ባለቤቱም እየጠገነ ለብዙ ዓመታት ይገለገልበታል። እንግዲህ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ የተንጠለጠለበትን ሞተር በግምት አውርዶ በግምት መግጠም ትንሽ ጥፋት አይደለም።

በዚህ ንግግር ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ጭስ በቀለሙ ብቻ የሚነበብ አለመሆኑ ነው። ቀለሙ፣ የታየበት ሰዓትና የታየበት ቦታ አንድ ላይ ሲነበቡ ብቻ እውነቱን ይናገራል። ከሦስቱ አብዝተን የምንዘነጋው ቦታውን ነው። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ የቦታው ነገር ከሁሉ ይበልጥ የከበደ ነው።

ጭስ ከየት ይመጣል?

ምርመራችን ከተጨባጭ ነገር እንዲነሳ ንግግሬን በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት በሚታዩት የቀድሞ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ እወስነዋለሁ። እነርሱም በሚኒባስና በሃይሉክስ ላይ የሚገኙት 2.8 ሊትሩ «3ኤል» እና 3 ሊትሩ «5ኤል»፣ እንዲሁም በላንድክሩዘር ላይ የሚገኘው ባለ 6 ሲሊንደሩ 4.2 ሊትር «1ኤች ዜድ» ናቸው። ሦስቱም ቱርቦ የሌላቸው፣ ናፍጣውን በቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ የሚረጩ፣ በኮምፒዩተር ሳይሆን በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠሩ ናቸው። ስለ እነርሱ የሚባለው በአመዛኙ ለሌሎቹም አሮጌ የናፍጣ መኪኖች ይሠራል።

እንደምታውቁት የናፍጣ ሞተር የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። እሳቱን የሚያገኘው አየርን በማመቅ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ አየሩ ከመጀመሪያ መጠኑ ወደ 22ኛው ክፍል ገደማ ይታመቃል፤ በዚህም ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚህ በጋለ አየር ውስጥ ናፍጣው እንደ ጉም ደቅቆ ሲረጭ ያለ ሌላ ረዳት ይቀጣጠላል። ስለሆነም ለንጹሕ ቃጠሎ ሦስት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል፤ በቂ አየር፣ በቂ ሙቀት፣ በትክክለኛው ሰዓትና በትክክለኛው መጠን የደቀቀ ናፍጣ።

ሦስቱን የጭስ ዓይነቶች ከዚህ መነሻ መረዳት ይቻላል። ለናፍጣው የሚበቃ አየር ሲጠፋ ያልነደደው ካርቦን ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል፤ ይህ ጥቁር ጭስ ነው። በቂ ሙቀት ሲጠፋ ናፍጣው ሳይቀጣጠል ተንኖ ይወጣል፤ ይህ ነጭ ጭስ ነው። ወደ ቃጠሎው ክፍል መግባት የሌለበት የሞተር ዘይት ሲገባ ደግሞ ሰማያዊ ጭስ ይሆናል። የናፍጣው አረጫጨት መበላሸት እንደ ሁኔታው ጥቁሩንም ነጩንም ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህም ነው ቀለም ብቻውን ምስክር የማይሆነው።

ስለ ጥቁር ጭስ

አንድ ኪሎ ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል በስሌት 14.5 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ነገር ግን በናፍጣ ሞተር ውስጥ አየርና ናፍጣ የሚደባለቁበት ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ ሞተሩ ሳይጨስ እንዲሠራ ከ18 እስከ 20 ኪሎ የሚሆን አየር ሊያገኝ ይገባል። ፖምፓው በፋብሪካ ሲስተካከል ሙሉ ጭነት ላይ የሚሰጠው ናፍጣ ይህን ድርሻ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነው።

አሁን ይህን ሞተር ከባሕር ጠረፍ አንስተን ወደ አዲስ አበባ እናውጣው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ በአንድ ምገት የሚያስገባው አየር በክብደት አንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። ለምሳሌ 3 ሊትሩንና ባለ 4 ሲሊንደሩን «5ኤል» እንውሰድ። አንዱ ሲሊንደር በባሕር ጠረፍ በአንድ ምገት 0.9 ግራም ገደማ አየር ያስገባል። ድርሻው 18 ለ 1 እንዲሆን 0.05 ግራም ናፍጣ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን የሚያስገባው አየር ወደ 0.7 ግራም ይወርዳል። ፖምፓው ናፍጣውን የሚለካው በመጠን እንጂ የአየሩን መሳሳት አይቶ ስላልሆነ ያንኑ 0.05 ግራም ይሰጣል። ድርሻው 14 ለ 1 ሆነ ማለት ነው። ይህ ከ14.5ቱም በታች ስለሆነ ሞተሩ አንዳች ጉድለት ሳይኖርበት፣ ገና ከፋብሪካ የወጣ ቢሆን እንኳ፣ ሙሉ ጭነት ላይ ጥቁር ጭስ ማውጣቱ የማይቀር ነው።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን፣ ወይም ከ3000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በርን የሚያቋርጠውን መኪና ጭስ የምንመዝነው ይህን አስበን መሆን ይኖርበታል። ዳገት ላይ ብቻ የሚጨስ፣ ወደ አዋሽ ሲወርድ የሚጠራ፣ በሜዳ መንገድ ላይ ንጹሕ የሆነ መኪና በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ከፍታው ነው። መፍትሔውም ሞተር ማውረድ ሳይሆን ፖምፓውን በመሞከሪያ ጠረጴዛ ላይ ለደጋ አየር ማስተካከል፣ ከፍታን የሚያስተካክል መሣሪያ የተገጠመለት ከሆነም ያ መሣሪያ መሥራቱን ማረጋገጥ፣ ሾፌሩም ዳገት ሲጀምር ሞተሩ ሳይጨነቅ በጊዜ ማርሽ እንዲቀንስ ማስተማር ነው።

በአንጻሩ በሁሉም ቦታ፣ በሜዳም በቁልቁለትም ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጨስ መኪና ሌላ ነገር እየተናገረ ነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የአየር ፊልትሮው ነው። ፊልትሮው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ በውስጡ ተላጦ ወይም ሲመጥ እየተጣበቀ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። ቀጥሎ የሚታየው በአንድ ጎማ ላይ የተጣበቀ ፍሬን መኖር አለመኖሩ ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩ ሳያውቀው ተጨማሪ ጭነት እየጎተተ ሊሆን ይችላልና። ከዚያም ኖዝሎቹ ናቸው። የእነዚህ ሞተሮች ኖዝል የሚከፈትበት ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ባር ባለው ውስጥ ነው። ጸደዩ ሲደክም ኖዝሉ ያለ ጊዜው ይከፈታል፤ ጫፉ ሲበላሽ ደግሞ ናፍጣውን በጉም ፈንታ በጠብታ ያወርዳል። በመጨረሻ የፖምፓው የመርጫ ሰዓት ይመረመራል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ መጥፎ ልማድ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። መኪናው ደጋ ላይ ጉልበት አነሰው ሲባል አንዳንድ ባለሙያ የፖምፓውን የሙሉ ጭነት ብሎን ማኅተሙን ሰብሮ ያጠብቃል። ባለንብረቱም ለጊዜው ይደሰታል። ነገር ግን ቀደም ሲል በቁጥር እንዳየነው የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ አልነበረም። የተጨመረው ናፍጣ ጥቂቱ ጉልበት፣ ብዙው ጥቀርሻና ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ጥቀርሻው የሞተሩን ዘይት ያጠቁራል፤ ሙቀቱ ቴስታታውን ያስጨንቃል፤ ከዓመት በኋላ «ሞተሩ ደከመ» የሚባለው የዚያች ሩብ ዙር ውጤት ሊሆን ይችላል።

ስለ ነጭ ጭስ

ነጭ ጭስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን ሳይለዩ መነሳት ገንዘብ ያስከስራል። አንደኛው ያልነደደ የናፍጣ ትነት ነው። ዓይን ያቃጥላል፤ ሽታው ከባድ ነው፤ አየር ላይ ቆይቶ ይንሳፈፋል። ሁለተኛው የውሃ እንፋሎት ነው። ዓይን አያቃጥልም፤ ከጭስ ማውጫው ጥቂት ርቆ ወዲያው ይጠፋል። በብርድ ማለዳ ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ቀጭን እንፋሎት ከቃጠሎው የሚመጣ ተፈጥሯዊ ነገር ስለሆነ ሊያሳስብ አይገባም።

የናፍጣ ትነት ሲሆን ሰዓቱን መጠየቅ ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ማለዳ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አየሩ ቀዝቃዛም ሳሳም ስለሆነ በእመቃ የሚገኘው ሙቀት ይቀንሳል፤ ሞተሩን የሚያግዘው በቴስታታው ላይ ያለው ማሞቂያ፣ መካኒኮቻችን ካንዴሌታ የሚሉት ነው። መኪናው ማለዳ ተነስቶ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ እየተንቀጠቀጠ ነጭ ጭስ አውጥቶ ከዚያ ጸጥ የሚል ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ካንዴሌታ መሞታቸውን መጠርጠር ነው። ይህንም በአንድ ባለ 12 ቮልት የሙከራ አምፖል በሩብ ሰዓት ውስጥ ማረጋገጥ ይቻላል። ጭሱ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ የሚቀጥል ከሆነ የፖምፓው ሰዓት መዘግየትን ወይም የእመቃ መቀነስን ያመለክታል። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር ብቻ የሚያስቸግር፣ ተነስቶም የሚያነክስ ከሆነ ደግሞ በናፍጣው መስመር አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ሳልቫትዮው ይመለሳል ማለት ነው። ከፊልትሮው እስከ ፖምፓው ባለው መስመር ላይ ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ቢገጠም አረፋው በዓይን ይታያል። ውሃ የገባበት ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ የናፍጣውን ፊልትሮ አስተንፍሶ በጠርሙስ ማየት አይከፋም።

እንፋሎቱ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ ያለ ምክንያት የሚጎድል ከሆነ ግን ነገሩ ከበድ ይላል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ምስክሮቹ ብዙ ናቸው። ቀዝቃዛ ሞተር ገና እንደተነሳ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ይጠጥራል፤ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ይታያል፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ማኪያቶ ይመስላል። ይህን ለማየት የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ መሆኑን ለወጣት ሠራተኞቻችን መደጋገም ይገባል።

የከፍታው ነገር እዚህም አለ። በአዲስ አበባ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊቱን ሲለቅ ውሃው ጤነኛ ሞተር በሚሠራበት ሙቀት ላይ መፍላት ይጀምራል፤ ቴስታታው ይግላል፤ ጓርኒሲዮኑም ይበላል። ዋጋው አነስተኛ የሆነ ክዳን ዋጋው ታላቅ የሆነውን ቴስታታ ያስከፍላል።

ስለ ሰማያዊ ጭስ

ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው። ከሌሎቹ ለመለየት አንድ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ከጭስ ማውጫው አፍ ራቅ አድርጎ ለጥቂት ጊዜ መያዝ ይረዳል። ደረቅ ጥቁር ዱቄት ቢይዝ ጥቀርሻ ነው፤ የሚያጣብቅ እርጥብ ነገር ቢይዝ ዘይት ነው። ከዚያም ዘይቱን እስከ ምልክቱ ሞልቶ፣ 1000 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ የጎደለውን መለካት ነው። «ዘይት ይበላል» የሚለው ወሬ በሊትር ካልተገለጸ ምርመራ አይባልም።

ሞተር ለማውረድ ከመቸኮል በፊት ቀላሎቹ ምክንያቶች ይታዩ። ዘይቱ ከልክ በላይ ተሞልቶ ይሆናል። የዘይት መታጠቢያ ያለው የቀድሞ ዓይነት የአየር ፊልትሮ ከሆነ በፊልትሮው ውስጥ ዘይት በዝቶ ሞተሩ እየመጠጠው ይሆናል። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ተደፍኖ ዘይቱን በግድ እየገፋው ይሆናል። ቱርቦ ያለው ሞተር ከሆነም የቱርቦው ዘይት መያዣ አልቆ ይሆናል።

ከእነዚህ በኋላ ሰዓቱ ይጠየቅ። ማለዳ ሲነሳ አንዴ ቦግ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ሌሊቱን በቫልቮላዎቹ ግንድ በኩል የወረደ ዘይት ነው፤ ይህ ለረጅም ጊዜ አብሮ ሊኖር የሚችል ድካም ነው። በጭነት ላይ ሳያቋርጥ የሚወጣ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት በግፊት የሚተነፍስ ከሆነ ግን ፒስተኑን የከበቡት ቀለበቶችና ሲሊንደሩ ራሱ አልቀዋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይውረድ ማለት ፍርድ ሳይሆን እውነት ነው።

በዚህ ክፍል አንድ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብዙ ዘይት የሚምግ የናፍጣ ሞተር አንዳንድ ጊዜ ናፍጣውን ትቶ በገዛ ዘይቱ መሮጥ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ቁልፍ ማጥፋት አያቆመውም፤ ቁልፉ የሚዘጋው ናፍጣን ብቻ ነውና። ቆሞ ያለ መኪና ከሆነ ፍሬን ይዞ በከፍተኛ ማርሽ ማፈን ወይም የአየር መግቢያውን በጣውላ መድፈን ያስፈልጋል። እጅ ወይም ጨርቅ ወደዚያ አፍ ማቅረብ ግን ፈጽሞ ክልክል ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከላይ የተባለውን ወደ ሥራ ስንለውጠው ሥርዓቱ አጭር ነው። መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ባለንብረቱ ይጠየቅ፤ ጭሱ መቼ ጀመረ? ማለዳ ነው ወይስ ማታ? በዳገት ነው ወይስ በሚኒሞም? ከየትኛው ጥገና ወዲህ? ቀጥሎ መኪናው ሌሊቱን አድሮ ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሳ ይታይ፤ ብዙ መኪና ወደ ጋራዥ የሚመጣው ሞቆ ስለሆነ ዋናው ምስክር በመንገድ ላይ ይቀራል። ከዚያ ምንም ወጪ የሌለባቸው ነገሮች ይመርመሩ፤ የአየር ፊልትሮና ቱቦ፣ የዘይት መጠን፣ የውሃ መጠን፣ ፍሬን። ቀጥሎ ጥቂት ወጪ ያለባቸው ይምጡ፤ ካንዴሌታ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ክዳን። ኖዝልና ፖምፓ ከዚህ በኋላ ናቸው። ሞተር ማውረድ የመጨረሻው ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ይህን ቅደም ተከተል ለሚገለብጥ ሰው ነው።

የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ለመለየት ሞተሩ በሚኒሞ ሳለ የኖዝሎቹን ቱቦ ማሰሪያ አንድ በአንድ ላላ ማድረግ የቆየ ዘዴ ነው። ሲላላ ድምፁ የማይለወጥ ሲሊንደር ቀድሞም አልሠራም፤ ሲላላ ጭሱ የሚቆም ከሆነ ኖዝሉ ተገኘ። ነገር ግን ይህ ዘዴ ለእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ብቻ፣ ዓይንና እጅ ተሸፍኖ የሚደረግ ነው። ናፍጣቸው ከ1000 ባር በላይ በሚታመቅባቸው የኋለኛው ዘመን ሞተሮች ላይ የሚሞክር ሰው ናፍጣው ቆዳውን ሰንጥቆ ሊገባበት ይችላል።

የእመቃ ልኬትን በሚመለከት አንድ ያጋጠመኝን ጉዳይ ልጥቀስ። አንድ የሚኒባስ ባለንብረት ሞተሩ ወርዶ ሲሊንደሩ እንዲቆረጥ ከአንድ ጋራዥ ተወስኖበት፣ ለዚሁ ብድር ሊወስድ ሲሰናዳ መኪናውን እንዳየው ጠየቀኝ። ውሳኔው የተመሠረተው በልኬት ላይ ነበር። አራቱ ሲሊንደሮች 23፣ 24፣ 23 እና 24 ኪሎ በሳንቲ ሜትር ካሬ አሳይተዋል፤ በመጽሐፉ ለጤነኛ ሞተር የተጻፈው ግን 32 ነው። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ የተዘነጋው ቦታው ነው። ሞተሩ የሚያምቀው በዙሪያው ያለውን አየር ስለሆነ፣ አየሩ በሦስት አራተኛ ግፊት ሲጀምር የእመቃውም መጨረሻ ሦስት አራተኛ ነው። በባሕር ጠረፍ 32 የሚያሳይ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 24 ገደማ ያሳያል። ስለዚህ ያ ልኬት ያረጋገጠው የሞተሩን ሞት ሳይሆን ጤናውን ነበር። በተለይም አራቱ እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ትልቅ ምስክር ነው፤ ያለቀ ሞተር አራቱንም ሲሊንደር እኩል አይጨርስምና።

ታዲያ ጭሱ ከየት መጣ? በቅደም ተከተሉ ስንሄድ ማለዳ የሚታየው ነጭ ጭስ ከሁለት የሞቱ ካንዴሌታዎች፣ ዳገት ላይ የሚታየው ጥቁር ጭስ ደግሞ በውስጡ ከተላጠ የአየር ቱቦና ጫፉ ከሚያንጠባጥብ አንድ ኖዝል የመጣ ሆኖ ተገኘ። ሥራው በሁለት ቀን አለቀ። ዳገት ላይ የሚቀረው ጥቂት ጥቁር ጭስ የከፍታው መሆኑን ለባለንብረቱ አስረድተነው ፖምፓው በመሞከሪያ ጠረጴዛ ላይ እንዲስተካከል ተደረገ። ብድሩም ሳይወሰድ ቀረ።

ከእኛ የሚጠበቀው

ይህን ምሳሌ ያነሳሁት መካኒኮቻችንን ለመውቀስ አይደለም። መጽሐፉን ከፍቶ፣ መለኪያውን ገጥሞ፣ ቁጥሩን የጻፈ ሰው ከገማች የተሻለ ሰው ነው። የጎደለው መጽሐፉ የተጻፈበት ቦታና እርሱ የቆመበት ቦታ አንድ አለመሆናቸውን የሚነግረው ሰው ነው። ይህን መንገር የማን ሥራ ነው? የእኛ የመሐንዲሶች ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለሆነም ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየከፍታው ሊጠበቅ የሚገባውን የእመቃ ልኬት የሚያሳይ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ በአማርኛ አዘጋጅተን ለጋራዦች እናድል፤ ስሌቱ ቀላል፣ ጥቅሙ ግን ታላቅ ነው። ሁለተኛ፣ አባሎቻችን በሚመሩባቸው የጥገና ክፍሎች ውስጥ ማንም ሞተር ከመውረዱ በፊት የጭሱ ቀለም፣ ሰዓትና ቦታ፣ የተመረመሩትም ነገሮች በጽሑፍ እንዲሰፍሩና ለባለንብረቱ እንዲሰጡ ልማድ እናድርግ። ሦስተኛ፣ የጭስ ልኬትን በሚመለከት ሐሳብ ስንጠየቅ ከፍታውን አስበን እንመልስ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መመሪያ ሞተሩ ሳይጫን በድንገት ሲረገጥ ለሚለካው የጭስ ጥቁረት ወሰኑ ቱርቦ ለሌለው 2.5፣ ቱርቦ ላለው 3.0 ነበር። ይህን የመሰለ አኃዝ እንዳለ ወስደን ብንሠራበት ጤነኛውን ከታመመው ጋር አብረን እንጥላለን፤ ምንም ወሰን ባናደርግ ደግሞ የመንገድ ዳር ሻጩና ተማሪው ሳንባ ይከፍላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ትክክለኛ ወሰን በልኬት ማግኘት የሚቻል ሥራ ነው፤ መለኪያውም ባለሙያውም በእጃችን ናቸው።

የከፍታው ምክንያት ግን ለማንም መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም። «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ የተደፈነ ፊልትሮና የሚያንጠባጥብ ኖዝል ተሸክሞ መሄድ፣ ከፍታውን ረስቶ ጤነኛ ሞተር ከማውረድ የማይተናነስ ስሕተት ነው። ከፍታው ምን ያህሉን ጭስ እንደሚያስረዳ በቁጥር ማወቅ የሚጠቅመው የቀረውን ጭስ ምንጭ ያለ ምሕረት ለመፈለግ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ አሮጌው ሞተር ገና ብዙ ዳገት ይወጣልናል። እየወጣም ሕመሙን ይናገራል። የሚናገረውን ለይተን ብንሰማው ባለንብረቱ ገንዘቡን፣ መንገደኛውም ትንፋሹን ያተርፋሉ።